ቲዩብ አምፕ ከመምረጣችሁ በፊት ስፒከራችሁን ጠይቁ

«የትኛው ቲዩብ አምፕሊፋየር ይሻላል?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው፤ በሚያበሩ የመስታወት ቲዩቦች ድምፅን የሚያጎላውን መሣሪያ ማለቱ ነው። እኔም ሁሌ የምመልሰው በጥያቄ ነው፦ ምን ልትሰካበት ነው?

ጥያቄን በጥያቄ መመለስ ሽሽት ይመስላል። እዚህ ጋ ግን ሌላ መልስ የለም። በደንብ የተሠራ ባለ ትራንዚስተር አምፕ አብዛኛውን ስፒከርና ማዳመጫ እኩል ያስተናግዳል። የቱንም ብትሰኩበት ጠባዩ ብዙ አይለወጥም። ቲዩብ እንዲህ አይደለም። ድምፁን የሚሠራው ከተሰካበት ነገር ጋር አብሮ ነው። አንዱ ስፒከር ላይ ልብ የሚሰርቅ አምፕ፣ ሌላው ላይ ደብዛዛና አቅመ ቢስ ይሆናል። አምፑ ያው ነው። የተለወጠው ጓደኛው ነው።

ስለዚህ ምርጫው የሚጀምረው ከጆሮ ነው። መጀመሪያ ማዳመጫው ወይም ስፒከሩ፣ ቀጥሎ አምፑ፣ በመጨረሻ ቲዩቦቹ። አብዛኛው ሰው የሚገዛው ግን በተገላቢጦሽ ነው። በጨለማ ውስጥ የሚያበሩትን ጠርሙሶች ያያል፤ ልቡ ይሸፍታል፤ ይገዛል። ከዚያ ቤት ያለው ስፒከር እንዲስማማው ይጸልያል። እኔ የጀመርኩት እንደዚያ ስለሆነ፣ ሌላው ሰው በዚያ መንገድ ገንዘቡን እንዳያጠፋ ከልቤ እፈልጋለሁ።

ጠርሙሱ ውስጥ ያለው

ቲዩብ፣ አንዳንዱ ሰው ቫልቭ የሚለው፣ አየሩ ተመጦ የወጣለት የመስታወት ጠርሙስ ነው። ውስጡ ያለ ክር ሲግል ካቶድ የሚባለውን ክፍል ያሞቀዋል። የጋለ ካቶድ ኤሌክትሮን ይለቃል። ፊት ለፊቱ ፕሌት የሚባል ብረት አለ። ፕሌቱ ከፍተኛ ፖዘቲቭ ቮልቴጅ ስላለው ኤሌክትሮኖቹን ወደ ራሱ ይስባል። በሁለቱ መካከል ደግሞ ግሪድ የሚባል የቀጭን ሽቦ መረብ ተቀምጧል። ሙዚቃው የሚገባው እዚህ መረብ ላይ ነው። መረቡ ላይ ያለው ቮልቴጅ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ሲል፣ ወደ ፕሌቱ የሚያልፈው የኤሌክትሮን ፍሰት በብዙ ይለዋወጣል። ትንሹ ትልቁን አዘዘው ማለት ነው። ማጉላት የሚባለው ይኸው ነው።

ነገሩ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። እንግሊዛዊው አምብሮዝ ፍሌሚንግ የመጀመሪያውን ቲዩብ በ1904 እ.ኤ.አ. ሠራ። አሜሪካዊው ሊ ዲ ፎረስት በ1906 መረቡን ጨመረበት። በ1947 መጨረሻ ቤል ላብስ ውስጥ ትራንዚስተር ተወለደና ቲዩብን ቀስ በቀስ ከቤት አስወጣው። ሙዚቃ ወዳዶች ግን አልለቀቁትም። ዛሬም በስሎቫኪያ፣ በሩሲያ፣ በቻይና አዳዲስ ቲዩቦች ይመረታሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ቲዩብ በተፈጥሮው የሚመቸው ከፍተኛ ቮልቴጅና ትንሽ ከረንት ነው። ውስጡ የሚሠራው በመቶዎች በሚቆጠር ቮልትና በጥቂት አሥሮች ሚሊአምፔር ነው። ስፒከር ደግሞ ተቃራኒውን ይፈልጋል፦ ጥቂት ቮልት፣ ብዙ ከረንት። ሁለቱ ቋንቋ ለቋንቋ አይግባቡም። አስተርጓሚ ያስፈልጋል። አስተርጓሚው የመውጫ ትራንስፎርመር ነው፤ በአንድ ብረት ላይ ያሉ ሁለት የሽቦ ጥምጥሞች።

በቁጥር እንየው። አንድ የኃይል ቲዩብ 5,000 ኦም ጭነት ቢሰጠው ደስ ይለዋል እንበል (ኦም የኤሌክትሪክ ተቃውሞ መለኪያ ነው)። ስፒከሩ 8 ኦም ነው። 5,000 ለ8 ሲካፈል 625 ይመጣል። የ625 ስኩዌር ሩት 25 ነው። ስለዚህ በቲዩቡ በኩል ያለው የሽቦ ጥምጥም በስፒከሩ በኩል ካለው 25 እጥፍ ይሆናል። ቮልቴጁ በ25 ይቀንሳል፤ ከረንቱ በ25 ያድጋል። ቲዩቡ 5,000 ኦም ያየ ይመስለዋል፤ ስፒከሩ የሚፈልገውን ከረንት ያገኛል።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉ። በዚያው መውጫ ላይ 4 ኦም ስፒከር ብትሰኩ፣ ቲዩቡ የሚያየው 2,500 ኦም ይሆናል። ትራንስፎርመሩ የሚተረጉመው የተሰካለትን ነው። ቲዩብ አምፕ ጀርባ ላይ 4፣ 8 እና 16 ኦም የሚሉ የተለያዩ መሰኪያዎች የሚኖሩት ለዚህ ነው።

ደግሞም ጥሩ ትራንስፎርመር ብዙ ብረትና ብዙ መዳብ ነው። ዝቅተኛውን ቤዝ ያለ መዛባት ለማሳለፍ ግዙፍ ብረት ይጠይቃል። «40 ዋት» ተብሎ እንደ መጽሐፍ ቀልሎ የሚነሳ ቲዩብ አምፕ ካያችሁ ተጠራጠሩ። ከቲዩቡ ስም በፊት ትራንስፎርመሩን የማየው ለዚህ ነው።

ሁሉን የሚያብራራው ቁጥር

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ቃል ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ፣ «የመውጫ ኢምፒዳንስ» ይሁን እላለሁ።

ሻወር ውስጥ ናችሁ እንበል። ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ቧንቧ ሲከፍት የናንተ ውኃ ይደክማል። መስመሩ ጠባብ ስለሆነ ነው። መስመሩ ሰፊ ቢሆን ሌላው ቢከፍትም ባይከፍትም አይታወቃችሁም ነበር። የመውጫ ኢምፒዳንስ የአምፑ መስመር ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ የሚናገር ቁጥር ነው። ዝቅ ሲል መስመሩ ሰፊ ነው። ከፍ ሲል ጠባብ ነው። ትራንዚስተር አምፕ ብዙ ጊዜ ከ1 ኦም በታች ነው። ቲዩብ አምፕ እንደ አሠራሩ ከ1 ኦም አካባቢ ተነስቶ ከ100 በላይ ሊደርስ ይችላል።

ቁጥሩ ለምን ድምፅን ይለውጣል? የስፒከርና የማዳመጫ ኢምፒዳንስ፣ ማለትም ለከረንቱ የሚያሳዩት ተቃውሞ፣ አንድ ቦታ የቆመ ቁጥር ስላልሆነ ነው። ሳጥኑ ላይ «300 ኦም» ተብሎ ቢጻፍም፣ ቤዝ ላይ ሌላ ነው፤ መሐል ላይ ሌላ ነው። ከፍ በሚልበት ቦታ ብዙ ቮልቴጅ ይደርሰዋል። ዝቅ በሚልበት ቦታ አምፑ ራሱ ውስጥ ይቀርበታል። ስለዚህ የድምፁ ሚዛን የማዳመጫውን የኢምፒዳንስ መስመር እየተከተለ ያዘነብላል።

ሴንሃይዘር ኤችዲ 650 የተባለውን ማዳመጫ እንውሰድ። 300 ኦም ነው ይባላል። ከ100 ኸርትዝ ዝቅ ብሎ ባለው የቤዝ ክፍል ግን ወደ 500 ኦም ገደማ ይወጣል። የመውጫ ኢምፒዳንሱ 120 ኦም የሆነ አምፕ ላይ ስትሰኩት፣ ቤዙ ከመሐሉ 1 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ያህል ከፍ ይላል። በጣም ትንሽ ናት። ግን ትሰማለች። ድምፁ ወፈር፣ ሞቅ ይላል። ብዙ ሰው «የቲዩብ ሙቀት» ብሎ የሚወደው ነገር ከፊሉ ይህቺ 1 ዴሲቤል ናት።

አሁን በዚያው አምፕ ላይ 32 ኦም ማዳመጫ እንስካ። ቤዙ ላይ እጥፍ ሆኖ 64 ኦም ይደርሳል እንበል። ስሌቱን ስንሠራ የቤዙ ጭማሪ 4.4 ዴሲቤል ገደማ ይመጣል። ይህ ሙቀት አይደለም። ይህ እብጠት ነው። ያንኑ ማዳመጫ 2 ኦም መውጫ ባለው አምፕ ላይ ብትሰኩት ልዩነቱ ከ0.3 ዴሲቤል አይዘልም።

በኔ ላይ የደረሰው ልክ ይህ ነው። የመጀመሪያው ቲዩብ አምፔ ለማዳመጫ የሚሆን፣ ትራንስፎርመር የሌለው ነበር። የነበረኝ ማዳመጫ ደግሞ 32 ኦም። ሰካሁት። ቤዙ አበጠ፤ የዘፋኟ ድምፅ ከጀርባው ተደበቀ። ሳምንታት ሙሉ ቲዩብ ስቀያይር ከረምኩ። ጥፋቱ የቲዩቦቹ አልነበረም። አንድ ቀን ከጓደኛዬ ባለ 300 ኦም ማዳመጫ ተዋስኩና ሰካሁት። ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘ። ያን ቀን ቁጭ ብዬ እስከ ሌሊት ሰማሁ።

ለዚህ የሚጠቀስ የተለመደ መመሪያ አለ፦ የማዳመጫው ኢምፒዳንስ ከአምፑ የመውጫ ኢምፒዳንስ ቢያንስ 8 እጥፍ ይሁን። ጥሩ መመሪያ ነው። ካልታሰበ ችግር ይጠብቃል። ግን ሕግ አይደለም። የኤችዲ 650ው ምሳሌ መመሪያውን ይጥሳል፤ 300 ለ120 ሲካፈል 2.5 ብቻ ነው። ሆኖም ብዙ ሰው ያንን ጥምረት ይወደዋል፤ እኔም እወደዋለሁ። ማወቅ ያለባችሁ ምን እየሆነ እንዳለ ነው። አውቆ መጣስና ሳያውቁ መውደቅ ይለያያሉ።

ለማዳመጫ የሚሆነው አምፕ

የማዳመጫ ቲዩብ አምፖች በሦስት ይከፈላሉ ቢባል ብዙም ስህተት አይሆንም።

አንደኛው ትራንስፎርመር የሌለው ነው። በሙያው ሰዎች አጠራር ኦቲኤል ይባላል። ብዙዎቹ እንደ 6080 ወይም 6ኤኤስ7 ያሉ ቲዩቦችን ይጠቀማሉ። እነዚህ ለሙዚቃ ታስበው የተሠሩ አይደሉም፤ የኤሌክትሪክ ኃይል ለማረጋጋት ነበር የተሠሩት። የውስጥ ተቃውሟቸው ዝቅተኛ ስለሆነ ነው የድምፅ ሰዎች የመረጧቸው። ኦቲኤል አምፕ ቮልቴጅ በሽ ነው፤ ከረንት ግን ቆጣቢ ነው። የመውጫ ኢምፒዳንሱም ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ ወዳጁ ከፍተኛ ኢምፒዳንስ ያለው ማዳመጫ ነው፦ 250፣ 300፣ 600 ኦም። ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 880 የተባለውን ማዳመጫ በ32፣ በ250 እና በ600 ኦም ሠርቷል። ኦቲኤል ላላችሁ ሰዎች የሚሆነው የ600ው ነው። የ32ቱን ተዉት።

ሁለተኛው ባለ ትራንስፎርመር ነው። ትራንስፎርመሩ የመውጫ ኢምፒዳንሱን ስለሚያወርደው ብዙ ዓይነት ማዳመጫ ያስተናግዳል። ዝቅተኛና ከፍተኛ ኢምፒዳንስ የሚመርጡበት ማዞሪያም ብዙ ጊዜ ይኖረዋል። ዋጋው ግን ወደድ ይላል፤ ብረትና መዳብ በነፃ አይገኝም።

ሦስተኛው ድብልቅ ነው። ከፊት ቲዩብ፣ ከኋላ ትራንዚስተር። ቲዩቡ ቮልቴጁን ያጎላል፤ ትራንዚስተሩ ከረንቱን ይሰጣል። አንዳንድ ሰው «እውነተኛ ቲዩብ አይደለም» ብሎ ይንቀዋል። እኔ አልስማማም። ዝቅተኛ ኢምፒዳንስ ያለው ማዳመጫ ለያዘ ሰው ድብልቁ ከኦቲኤል ይልቅ ጤናማ ምርጫ ነው። የምጠነቀቀው ቲዩቡ በጥቂት ቮልት ብቻ ለጌጥ ያህል ከተቀመጠባቸው ርካሽ ዓይነቶች ነው።

ከረንት ምን ያህል እንደሚለያይ በምሳሌ ላሳያችሁ። ኤችዲ 650 በ1 ቮልት 103 ዴሲቤል ይሰጣል። ሙዚቃው ለቅጽበት ከፍ በሚልበት ቦታ 110 ዴሲቤል እንዲደርስ 2.2 ቮልት ያህል ይበቃዋል። ከረንቱ 7.5 ሚሊአምፔር ብቻ ነው። አሁን 40 ኦም የሆነና በ1 ሚሊዋት 90 ዴሲቤል የሚሰጥ የፕላናር ማዳመጫ (ድምፁን በማግኔት አጠገብ ባለ ስስ ጠፍጣፋ ሽፋን የሚሠራ) እንውሰድ። ለተመሳሳይ ከፍታ 2 ቮልትና 50 ሚሊአምፔር ይጠይቃል። ቮልቴጁ ያው ነው ማለት ይቻላል። ከረንቱ ግን ወደ ሰባት እጥፍ ይጠጋል። ኦቲኤሉ የሚደክመው እዚህ ጋ ነው። (110 የቅጽበት ከፍታ ነው። በዚያ መጠን እየሰማችሁ አትቆዩ፤ የተጎዳ ጆሮ አይመለስም።)

ፕላናር ግን አንድ መልካም ጠባይ አለው። ኢምፒዳንሱ ከቤዝ እስከ ትሬብል እምብዛም አይነቃነቅም። ስለዚህ የአምፑ መውጫ ከፍ ቢልም የድምፁ ሚዛን አያዘነብልም። የሚያስፈልገው ጉልበት ብቻ ነው። ጉልበት ያለው ባለ ትራንስፎርመር አምፕ ላይ በጣም ያምርበታል።

ጆሮ ውስጥ የሚገቡትን ትንንሽ ማዳመጫዎች በተመለከተ አጭር ነኝ፦ ቲዩብ አምፕ ላይ አትሰኳቸው። በተለይ በውስጣቸው ብዙ ትንንሽ ድምፅ ሰጪዎች ያሏቸው ኢምፒዳንሳቸው ከጥቂት ኦም እስከ ብዙ አሥር ይዋዥቃል። አምፑ ራሱ የሚያወጣውን ትንሿን የ«ሽሽ» ድምፅና እምምታ ሁሉ ያሰሟችኋል።

ኤሌክትሮስታቲክ ማዳመጫ፣ ስስ ሽፋኑ በከፍተኛ ቮልቴጅ ጉልበት የሚንቀሳቀሰው፣ ደግሞ የተለየ ዓለም ነው። አምራቹ ስታክስ ለዋና ሞዴሎቹ 580 ቮልት ቢያስ (ሽፋኑ ላይ የሚቆይ ቋሚ ቮልቴጅ) ይጠቀማል። ከፍተኛ ቮልቴጅ፣ ኢምንት ከረንት። የቲዩብ ተፈጥሮ ይኸው አይደል? አስተርጓሚ ሳያስፈልግ የሚግባቡ ሁለት ነገሮች ካሉ እነዚህ ናቸው። የራሱን ልዩ አምፕ ስለሚፈልግ ግን ተራው መሰኪያ ላይ አይሞከርም።

ለስፒከር የሚሆነው አምፕ

ስፒከር ላይ ስንመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ዋት?» አይደለም። «ስፒከሩ በ1 ዋት ምን ያህል ይጮኻል?» ነው። ሴንሲቲቪቲ የሚባለው ይህ ነው። በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት፣ ስንት ዴሲቤል።

የዴሲቤል ሒሳብ ሁለት ነገር ብቻ ነው። ዋቱ እጥፍ ሲሆን 3 ዴሲቤል ይጨምራል። ዋቱ አሥር እጥፍ ሲሆን 10 ዴሲቤል ይጨምራል። 300ቢ የሚባለው ዝነኛ ቲዩብ ለብቻው ሲሠራ 8 ዋት ገደማ ይሰጣል። 8 ዋት ከ1 ዋት በ9 ዴሲቤል ይበልጣል። ስለዚህ 86 ዴሲቤል ስፒከር ላይ 95 ትደርሳላችሁ። 96 ዴሲቤል ስፒከር ላይ 105። በ86ቱ ስፒከር 105 ለመድረስ ብትፈልጉ 80 ዋት ያህል ያስፈልጋችኋል። ስፒከር በመለወጥ ብቻ አሥር እጥፍ ኃይል አገኛችሁ ማለት ነው።

ቁጭ የምትሉት 1 ሜትር ላይ አይደለም። በገላጣ ቦታ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር 6 ዴሲቤል ይጠፋል። ክፍል ውስጥ ግድግዳው ስለሚመልሰው ጥፋቱ ያንሳል። ሙዚቃ ደግሞ አማካዩ 75 ዴሲቤል ቢሆንም ከበሮው ሲመታ 90 እና 95 ሊነካ ይችላል። ያ ቅጽበት ላይ ነው ትንሽ አምፕ የሚታፈነው።

አንድ ወጥመድ ላሳያችሁ። ብዙ አምራቾች ሴንሲቲቪቲን የሚለኩት በ2.83 ቮልት ነው። 8 ኦም ላይ ይህ ልክ 1 ዋት ነው። 4 ኦም ላይ ግን 2 ዋት ነው። ስለዚህ 4 ኦም ስፒከር ላይ «90 ዴሲቤል በ2.83 ቮልት» የሚል ካነበባችሁ፣ በልባችሁ 3 ቀንሱና 87 ብላችሁ ያዙት።

ሴንሲቲቪቲ ብቻውን ግን አይበቃም። እንዲያውም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ስፒከሩ ኢምፒዳንሱ ምን ያህል ዝቅ ይላል? «8 ኦም» የተባለ ስፒከር ቤዝ ላይ 3 ኦም ከወረደ፣ ለቲዩብ አምፕ ከባድ ሸክም ነው። በአንጻሩ ቢቢሲ በ1970ዎቹ ለራሱ ሥራ የነደፈውን ትንሹን ኤልኤስ3/5ኤ ስፒከር ተመልከቱ። ሴንሲቲቪቲው 83 ዴሲቤል አካባቢ ነው፤ በጣም ዝቅተኛ። በወረቀት ላይ ለቲዩብ የማይሆን ነው። ግን የመጀመሪያው ስሪት 15 ኦም ነበር። ለአምፑ የሚመች ጭነት ነው። ትንሽ ክፍል ውስጥ፣ ቀረብ ብሎ ለሚሰማ ሰው፣ መካከለኛ ኃይል ካለው ቲዩብ አምፕ ጋር ያለው ፍቅር ዛሬም አልቀዘቀዘም። ለዚህ ነው የኢምፒዳንሱን ግራፍ ሳላይ ስፒከር የማልመክረው። መስመሩ ረጋ ያለ ከሆነ ግማሹ ሥራ አልቋል።

የመውጫ ኢምፒዳንሱ ነገር እዚህም ይከተለናል። ፊድባክ (ከመውጫው ትንሽ ወደ መግቢያው እየመለሰ ስህተትን የሚያርም ዘዴ) የሌለው ባለ አንድ ቲዩብ አምፕ 2.5 ኦም መውጫ አለው እንበል። ስፒከሩ ከ6 እስከ 30 ኦም የሚዋዥቅ ከሆነ የድምፁ ሚዛን 2.3 ዴሲቤል ያህል ይናወጣል። ቤዙም ለመቆም ይዘገያል፤ አምፑ የስፒከሩን ኮን ይዞ ለማቆም ያለው ጉልበት ትንሽ ነውና። ብዙ አምራቾች ይህን ቁጥር በቀጥታ አይጽፉትም። «ዳምፒንግ ፋክተር» ብለው ነው የሚጽፉት። 8ን በዚያ ቁጥር አካፍሉት፤ የመውጫ ኢምፒዳንሱ ይመጣላችኋል። ዳምፒንግ ፋክተር 4 ማለት 2 ኦም ነው።

የ4፣ 8፣ 16 መሰኪያዎችን በተመለከተ፣ ከስፒከሩ ቁጥር ጋር የሚቀርበውን ያዙና ጀምሩ። ከዚያ ዝቅ ያለውንም ሞክሩት። 8 ኦም ስፒከር 4ቱ ላይ ሲሰካ ኃይሉ ይቀንሳል፤ ግን ቤዙ ጠበቅ ይላል። የሚሻላችሁን ጆሯችሁ ይወስን። ይህ ሙከራ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ብዙ ሰው ግን አንዴም አይሞክረውም።

አሁን ስለ ዓይነታቸው። አንድ ቲዩብ ሙሉውን ሞገድ ብቻውን የሚሸከምበት አሠራር ሲንግል ኤንድድ ይባላል። ሁለት ሆነው አንዱ ሲገፋ ሌላው የሚስብበት ፑሽ ፑል ይባላል። ሲንግል ኤንድድ ላይ 2ኤ3 ወደ 3.5 ዋት፣ ኢኤል84 ወደ 5፣ 300ቢ ወደ 8 ይሰጣሉ። ፑሽ ፑል ላይ ጥንድ ኢኤል84 ከ12 እስከ 17፣ ጥንድ ኢኤል34 ከ30 እስከ 40፣ ጥንድ ኬቲ88 ደግሞ 50 ዋትና ከዚያ በላይ። ስፒከራችሁ 87 ወይም 88 ዴሲቤል ከሆነ፣ እኔ በቀጥታ ወደ ፑሽ ፑል ነው የምልካችሁ። 300ቢን የማይወድ ሰው አላውቅም፤ ግን 95 ዴሲቤልና ከዚያ በላይ የሆነ ስፒከር ከሌላችሁ ለምኞት ይሁን እንጂ ለቤት አይሁን።

«ሙቀት» ምንድን ነው?

ቲዩብ ሲባል ሙቀት፣ ለስላሳነት፣ ሕይወት የሚሉ ቃላት ይከተላሉ። ስሜቱ እውነት ነው። ምንጩን ግን ማወቅ ይቻላል።

አንዱን አይተናል፤ የመውጫ ኢምፒዳንስ ነው። ሁለተኛው የመዛባቱ ዓይነት ነው። ቲዩብ፣ በተለይ ሲንግል ኤንድዱ፣ በብዛት የሚጨምረው ሁለተኛ ሃርሞኒክ ነው። 440 ኸርትዝ ስትሰጡት ትንሽ 880 ይጨምርበታል። ያ ያው ኖታ ነው፤ አንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ። ጆሮ እንደ ስህተት አይቆጥረውም፤ እንደ ውፍረት ነው የሚሰማው። ፑሽ ፑል ይህን ሁለተኛውን በአብዛኛው ያጣፋዋል። ስለዚህ ድምፁ ጠራ፣ ጠበቅ ይላል። ሦስተኛው፣ ቲዩብ አቅሙ ሲያልቅ ድንገት አይቆርጥም። ቀስ እያለ ነው የሚታጠፈው። ለዚያ ነው ትንሽ ቲዩብ አምፕ ከዋቱ በላይ የሚመስለው።

ይህን ስላወቅሁ ፍቅሬ አልቀነሰም። የሰው ድምፅና ሳክስፎን በጥሩ ቲዩብ አምፕ ስሰማ አሁንም ሥራዬን አቆማለሁ።

ቲዩብ መቀየርና ጥንቃቄው

ቲዩብ መቀያየር ደስ የሚል ጨዋታ ነው። ግን ጨዋታው የሚሠራው ጥምረቱ ልክ ከሆነ በኋላ ነው። ያልተስማማ ስፒከርን ቲዩብ አያስታርቀውም።

ሶኬቱ ውስጥ ስለገባ ብቻ ይሠራል ማለትም አይደለም። 12ኤኤክስ7፣ 12ኤቲ7 እና 12ኤዩ7 እግራቸው አንድ ነው። የማጉላት አቅማቸው ግን በቅደም ተከተል 100፣ 60 እና ወደ 20 ነው። አንዱን በሌላው ስትተኩ ድምፁ «ተለየ» የምትሉት ብዙ ጊዜ መጠኑ ስለተለወጠ ነው። 6922 ደግሞ ያው ባለ 9 እግር ሶኬት ውስጥ ይገባል፤ የማሞቂያው አገናኘት ግን የተለየ ነው። አምራቹ የፈቀደውን ብቻ ተጠቀሙ።

የኃይል ቲዩቦች ያልቃሉ። እንደ አሠራራቸው ጥቂት ሺህ ሰዓት ይሠራሉ፤ ትንንሾቹ ከዚያ በላይ ይቆያሉ። ስትቀይሩ በጥንድ የተመሳሰሉትን ግዙ። አምፑ የቲዩቡን ቢያስ (ሙዚቃ ሳይኖር የሚያልፍበትን ከረንት የሚወስነውን ቅንብር) በራሱ የሚያስተካክል ከሆነ ትነቅላላችሁ፣ ትሰካላችሁ፣ አለቀ። በእጅ የሚስተካከል ከሆነ መመሪያው እንደሚለው በኤሌክትሪክ መለኪያ (መልቲሜትር) መለካት ያስፈልጋል። የመጀመሪያ አምፕ ለሚገዛ ሰው በራሱ የሚያስተካክለውን እመርጣለሁ።

ሁለት ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ባለ ትራንስፎርመር ቲዩብ አምፕ ስፒከር ሳይሰካበት መብራት የለበትም። ትራንዚስተር አምፕ የሚፈራው ሽቦ መነካካትን ነው፤ ቲዩብ አምፕ የሚፈራው ባዶ መሆንን ነው። ሙዚቃ እየገባ ጭነት ከሌለው ትራንስፎርመሩ ውስጥ አደገኛ ቮልቴጅ ይፈጠርና ሽፋኑን በስቶ ሊያቃጥለው ይችላል። ሁለተኛው ከዚህ ይብሳል። ውስጡ ያለው በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ሰው ይገድላል። ከግድግዳው ተነቅሎም ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ካፓሲተሮች ያንን ቮልቴጅ ይዘው ይቆያሉ። ሙያው ከሌላችሁ የታችኛውን ክዳን አትፍቱ። ልጆች ባሉበት ቤት ቲዩቦቹ ላይ መከላከያ ሽቦ ይኑር፤ መስታወቱ እጅ ያቃጥላል። ከላይ አየር የሚያገኝበት ቦታም ስጡት።

ሊገዙ ሲሄዱ

የራሳችሁን ማዳመጫ ይዛችሁ ሂዱ። ስፒከር ከሆነ፣ ከተቻለ አምፑን ተውሳችሁ ቤት ሞክሩት። ሃያ ደቂቃ ያህል ሳይሞቅ አትፍረዱበት።

መጀመሪያ ምንም ሙዚቃ ሳትከፍቱ ድምፁን ዜሮ አድርጉና ጆሯችሁን ወደ ስፒከሩ አስጠጉ። ትንሽ እምምታ ይኖራል። ወንበራችሁ ላይ ተቀምጣችሁ ከተሰማችሁ ግን አምፑ ለዚያ ስፒከር አይሆንም። ሴንሲቲቪቲው ከፍ ያለ ስፒከር ሙዚቃውን ብቻ ሳይሆን እምምታውንም ያጎላል። ማዳመጫ ላይም ያው ነው።

ቀጥሎ በደንብ የምታውቁትን አንድ ዘፈን ክፈቱ፤ ቤዝ ጊታሩ ጎልቶ የሚሰማበት ይሁን። ሁልጊዜ በምትሰሙበት መጠን አድርጉት። ቤዝ ጊታሩ ኖታውን ጨርሶ የሚቆምበትን ቦታ ጠብቁ። ጣቱ ገመዱን ሲያፍነው ድምፁም አብሮት ከቆመ፣ አምፑና ስፒከሩ ተግባብተዋል። ገመዱ ዝም ካለ በኋላ ስፒከሩ ማጉረምረሙን ከቀጠለ፣ የቲዩቡን ስም ትታችሁ መሰኪያውን ወደ 4 ኦም አዛውሩትና ያንኑ ቦታ እንደገና ስሙት።